ያልቆሸሹት ገጾች

መጽሐፉ ሲዘጋ ነው ነገሩ የሚታየው፤ ያውም ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ የገጾቹ ጠርዝ ተደራርቦ በሚታይበት በኩል። ከመጀመሪያው አንስቶ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ጠርዙ ቡናማ ነው። የስንት ልጅ አውራ ጣት፣ የስንት ዓመት ላብ፣ የስንት ምሳ የድንች ጥብስ ቅባት አጠይሞታል። ከዚያ ድንገት ነጭ ይሆናል። በቢላ የተሰመረ ይመስላል፤ ከመስመሩ ወዲህ አገር ሁሉ የተመላለሰበት መንገድ፣ ከመስመሩ ወዲያ ማንም ያልረገጠው ውርጭ።

በዊልኮት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በኮች ሆይት ክፍል መስኮት ሥር የተደረደሩት የአሜሪካ ታሪክ መጻሕፍት በሙሉ እንዲህ ናቸው። አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ማንሳት ይቻላል፤ መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚያልቅበት ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለችው አሜሪካ በዚያ ክፍል ተነብባ አታውቅም።

«ኳስ ነዋ!» ይላል የትምህርት ቤቱ ቡድን አሰልጣኝ፣ ኮች ሆይት ማክዳፊ፣ የሚጠይቀው ሰው ሲገኝ። ውሸቱንም አይደለም። ዊልኮት ውስጥ ኳስ ማለት ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ በእጅ ታቅፈውት የሚሮጡት ኳስ ነው፤ የዓመቱ አቆጣጠርም በእሱ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መርከብ ላይ ይሳፈራሉ። ዓርብ ዓርብ ግን የማርሽ ባንዱ ከበሮውን እየደለቀ ወደ ጂምናዚየሙ ሲገባ ትምህርት ይቋረጣልና፣ እነዚያ ምስኪኖች ባሕር ላይ ይከርማሉ። ቡድኑ ማጣሪያውን ካለፈማ ጉድ ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ የገና ዛፍ እስኪቆም አይጀመርም። ሲጀመር ደግሞ ኮች ጄኔራሎቹን በክብና በመስቀል ምልክት ሰሌዳው ላይ እየሳለ፣ «እዩት እስቲ! በመሀል ሮጠ። በጎን ቢዞር ምን ነበረበት?» እያለ ልጆቹን ሲሟገት ይሰነብታል። ሚያዝያ ላይ የመንግሥት ፈተና አለ። ከፈተናው በኋላ መጋረጃ ተዘግቶ ፊልም ይታያል። ግንቦት ላይ ጃፓን እጅ ትሰጣለች፣ ደወሉ ይደወላል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው ያስተማረው።

ሲቀጠርም የተቀጠረው ለኳሱ ነበር። በዚያ አገር አሰልጣኝ የሆነ ሰው አንድ የሚያስተምረው ነገር ሊኖረው ይገባልና፣ ላም ሲገዙ ገመዷ ተከትሎ እንደሚመጣው ታሪክም ተከትሎት መጣ። ቀስ በቀስ ግን ወደደው። ድርቅና ነፋስ የሜዳማውን አገር አፈር ጠራርገው ስለወሰዱበት የአቧራ ዘመን ሲያወራ ድምፁ ይሰበራል፤ ጥቅልል ያሉ ወፍራም ጣቶቹ አየር ላይ አፈር ይበትናሉ። ልጆቹም ያን ጊዜ ስልካቸውን ይረሳሉ። ይህን ያህል የሚያምር አፍ ያለው ሰው አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ዝም ማለቱን ማን ልብ ይላል?

ሚስቱ ኬሮል አን ከሞተች ወዲህ ለሆይት በዚህ ዓለም ላይ የቀረችለት ሀብት አንዲት የቅዳሜ ከሰዓት ናት ማለት ይቻላል። የምታልፈውም በሉሸስ ብሮድናክስ በረንዳ ላይ ነው። ሉሸስ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይነዳል፤ በጨዋታ ቀን ደግሞ የውጤት ሰሌዳውን ሰዓት ይቆጣጠራል። የነጮቹና የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች በሕግ ተገደው አንድ በሆኑበት ዓመት ሁለቱም የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሶች ነበሩ። በየኮሪደሩ ቡጢ ነበር። ሜዳ ላይ ግን ሆይት ይወረውራል፣ ሉሸስ ይቀልባል። ሆይት ሳያይ ወርውሮ እንኳ ሉሸስ እዚያ ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሉሸስ ምንም ሳይናገር ከኪሱ በጨው የተቀቀለ ኦቾሎኒ ዘገነና የሆይት መዳፍ ላይ አደረገለት። እርጥብ ነበር፤ ትኩስ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የኦቾሎኒ ቀን ሆነ። ሬዲዮው ይከፈታል፣ በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ይቀዳል፣ ልጣጩ ባልዲው ውስጥ ይወረወራል። ኬሮል አን በሞተች ሰሞን ሉሸስ ሆይት ቤት መጥቶ ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀን ቁጭ አለ። «እግዜር ያጽናህ» እንኳ አላለውም። ኦቾሎኒ ብቻ ይልጥለት ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሉሸስ ወደሚኖርበት ሰፈር በሚወስደው በኩል አንድ ሜዳ አለ። ዛፍ የለበትም፤ ወንበርም የለበትም። አራት ማዕዘን ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ሁልጊዜ በአንዱ ጫፍ ይተኛል። ሰው ሁሉ መንገድ ለማሳጠር ያቋርጠዋል። ሆይትም ቅዳሜ ቅዳሜ ያቋርጠዋል።

በዚህ ሜዳ ጠርዝ ነው ኬዛያ አንዲት ሰማያዊ ሸክላ ያገኘችው። ኬዛያ የሉሸስ የልጅ ልጅ ናት፤ እናቷ አትላንታ ሆስፒታል ስለምትሠራ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ትምህርቱ ገና መጀመሩ ነበር። ከክፍል በኋላ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ መዳፏን ዘረጋች። የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ እንደ ሰማይ የጠራች የግድግዳ ሸክላ።

«ኮች፣ ይሄ ምንድን ነው? ሣሩ ውስጥ ተደርድሮ ነው ያለው። ብፍቀው ብፍቀው አያልቅም።»

«እሱ ነው? ድሮ የመዋኛ ገንዳ ነበር፤ ተሰነጠቀ። ውሃ አልይዝ ሲል ከተማው ደፈነው» አላት። ወረቀት እያረመ ነበር። ቀናም አላለም።

«አመሰግናለሁ ኮች» ብላ ሄደች።

ዊልኮት ውስጥ ስለዚያ ገንዳ የተጠየቀ ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ተሰነጠቀ። ፀጉር አስተካካዩም ይለዋል፣ ቄሱም ይለዋል። ሰው ስሙን ሲጠየቅ እንደሚመልሰው ያለ ነው፤ አይታሰብበትም።

ሆይት ግን ስንጥቅ እንዳልነበረ ያውቃል። ገንዳው ሲደፈን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ዶይል ማክዳፊ የአውራጃውን መንገድ ሥራ ሎደር ይነዳ ነበር። ገንዳው የነጮች ነበረ። በዚያ ሰሞን አዲስ ሕግ ወጣ፤ ጥቁር ልጆችም ቅዳሜ መጥተው እንደሚዋኙ ተሰማ። ሐሙስ ማታ የከተማው ምክር ቤት ተሰበሰበ፤ ዓርብ ጧት መኪኖቹ ቀዩን አፈር ጭነው መጡ። ዶይል ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። «በል አንተ ሳበው» አለው። ሆይት መዘውሩን ሳበ። የመጀመሪያው አካፋ ሙሉ አፈር የወረደው በእሱ እጅ ነው። ያን ጊዜ የተሰማው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያፍርበታል፤ ደስታ ነበር። ያን ግዙፍ ማሽን ማዘዝ! አባቱ ራሱን ዳበሰው።

በቀጣዩ ዓመት በጋ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያልብበት ወር፣ የሉሸስ ታናሽ ወንድም ሩቤን ወንዝ ሊዋኝ ገብቶ ውሃ ወሰደው። ሌላ የሚዋኝበት ቦታ አልነበረውም። ሉሸስ ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዙ ወርዶ አያውቅም፤ ዓሣ እንኳ አያጠምድም። ስለ ሩቤንም አያወራም። ሆይትም አይጠይቅም። መዘውሩን የሳበው እጅ የማን እንደሆነ ሉሸስ አያውቅም፤ ሆይት እንዲህ ነው የሚያምነው። ባወቀ ቀን ያቺ ቅዳሜ አበቃላት። ሌላ የሚያጣው ነገር የለውም፤ እሷን ግን ማጣት አይችልም።

እሱ ያላስተዋለው፣ ቅዳሜዋ መሳሳት የጀመረችው ከመስከረም አንስቶ መሆኑን ነው። አንድ ቅዳሜ ሉሸስ ጉልበቱን አሞት ተኝቷል። ሌላ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ አለው። ሲገናኙም ሬዲዮው ጮክ ብሎ ይከፈታል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» ይለዋል ሆይት።

«እርጅና ነዋ። አንተ መስታወት የለህም እንዴ?»

ሳቅ ብለው ያልፉታል።

ዘንድሮ ደግሞ ቡድኑ ተሸነፈ። እንዲያው ሽንፈት ብቻ አይደለም፣ ውርደት ነበር፤ ማጣሪያው ደጃፍ እንኳ አልደረሰም። ከበሮው ቶሎ ዝም አለ፣ ዓርቦቹ ባዶ ሆኑ፣ ትምህርቱ ገሰገሰ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ከገና በፊት አለቀ። እና የጥድ አበባው ዱቄት ከተማውን ቢጫ በሚያለብስበት፣ መኪናው ሁሉ የበቆሎ ዱቄት የተነፋበት በሚመስልበት በመጋቢት ወር፣ ጃፓን እጅ ሰጠች።

«በቃ አለቀ እኮ፣ ኮች!» አለ ትሬ ከኋላ ወንበር። ትሬ በመጨረሻው ጨዋታ ኳስ ከእጁ ያመለጠው ልጅ ነው፤ አሁንም ያሾፉበታል። «ፊልም ይክፈቱልና!»

«መጋቢት ነው፣ ትሬ።»

«ታዲያስ? ጃፓን እጅ ከሰጠች በኋላ ያለው እረፍት ነው። ወንድሜም እንዲህ ነው የተማረው።»

«አንተ ያንን ኳስ ባትጥላት ኖሮ እስካሁን የእርስ በርስ ጦርነቱ ላይ ነበርን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትሬ ግን እጁን አነሳ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ስለዚህ ታሪክ የምንማረው ስለተሸነፍን ነው ማለት ነው?»

ኮች ሆይት መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳ። «ገልጡ» አለ ብቻ።

ገለጡ። የሚገርም ድምፅ ነበር፤ ሃያ ምናምን መጽሐፍ ባንድ ጊዜ ወገቡ ሲንጣጣ። ከነጩ ገጾች የሙጫና የቀለም ሽታ ወጣ። «አዲስ መኪና አዲስ መኪና ይላል» አለች አንዷ። ልጆቹ ጣታቸውን ልብሳቸው ላይ ጠርገው ነበር የሚገልጡት፤ እንዲጠርጉ ማንም አልነገራቸውም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ፎቶግራፍ ላይ ደረሱ። የመዋኛ ገንዳ ነው። ከሽቦው አጥር ወዲህ ነጭ ልጆች ይንቦጫረቃሉ፤ ከአጥሩ ወዲያ ጥቁር ልጆች ጣታቸውን ሽቦው ውስጥ አስገብተው ያያሉ። ከሥሩ የተጻፈው፣ አንዳንድ ከተሞች ከጥቁሮች ጋር ከመዋኘት ገንዳቸውን መዝጋት እንደመረጡ ይናገራል።

ኬዛያ እጇን አነሳች። ሰማያዊዋ ሸክላ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። «ኮች፣ የኛስ? የኛም በውነት ተሰንጥቆ ነው?»

«መስከረም ላይ ነግሬሽ የለ?»

«ነግረውኛል። አባባን ስጠይቀው ግን አልመለሰልኝም። እንደገና ስጠይቀው፣ ‘ኮችሽን ጠይቂ’ አለኝ።»

ሆይት ጠመኔውን አስቀመጠ። *ኮችሽን ጠይቂ።* ሉሸስ ነው እንዲህ ያለው። ደወሉ ሲደወል፣ ዕድሜ ልኩን ያዳነው ያ ደወል ዛሬም አዳነው። «ነገ» አላት። «ነገ እነግራችኋለሁ።»

ከትምህርት ቤት ወጥቶ እናቱን ሊጠይቅ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ሄደ። ወይዘሮ ዩኒስ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የተፈጨ ድንች በማንኪያ እየገፉ ነበር።

«እማዬ፣ ገንዳው ስንጥቅ ነበረበት?»

«የቱ ገንዳ?» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ቀድሟቸው መልሷል። «ነበረበት እንጂ። አባትህ በዓይኑ አይቶታል።»

«እኔም እዚያ ነበርኩ፣ እማዬ። ምንም ስንጥቅ አልነበረም። አፈሩን ስንደፋ እኮ ውሃው እንኳ አልፈሰሰም ነበር።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። «ያ ውሃ እንዴት ደስ ይል ነበር» አሉ። ከዚያ ወደሱ ዞሩ፤ ድምፃቸው ድንገት የወጣት ሴት ድምፅ ሆነ። «አባትህ ሞቷል። መቃብር ያለ ሰው መልስ አይሰጥም። አፈር የለበሰን ሰው አውጥተህ ልጆች ፊት ልታቆመው ነው?»

«እሱን ብቻ አይደለም።»

«አንተማ ልጅ ነበርክ! ልጅን ማን ይጠይቃል?»

«አንድ ልጅ ጠየቀችኝ።»

እናቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሲሰናበታቸው ግንባራቸውን ሰጡት፤ እጃቸውን ግን አልሰጡትም።

በማግስቱ ሆይት ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣለ። እንደ ልማዱ ክብና መስቀል ሊያደርግበት ጠመኔውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ የመጀመሪያው ረድፍ ፊት ቆመ።

«ስንጥቅ አልነበረም» አለ። «ሕግ ወጣ። ጥቁር ልጆች ቅዳሜ ሊመጡ ነበር። ዓርብ ጧት በአፈር ተደፈነ። ሎደሩን የነዳው አባቴ ነው፤ መዘውሩን የሳብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እናንተን የማስተምርበት ክፍል መስኮት ሥር ነው ያለው፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ተሰነጠቀ ስል ኖሬአለሁ።»

የጠበቀው ቁጣ ወይ እንባ ነበር። ትሬ ግን በዝግታ፣ እውነት ለማወቅ እንደሚፈልግ ልጅ፣ «ውሃው ውስጡ እያለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ውስጡ እያለ።»

«ቀለሙ ምን ሆነ?»

ሆይት ዞሮ ወደ መስኮቱ አየ። ቀለሙን ያስታውሰዋል። መጀመሪያ አፈሩ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ እንደ ቀይ ደመና ተተራመሰ፤ ቀጥሎ ጠልቆ ጠፋ፤ ውሃው መልሶ ሰማያዊ የሚሆን መሰለ። ሁለተኛው አካፋ ሲወርድ ግን አልተመለሰም። የሚወጣበት የብረት መሰላል እጀታ ብቻ ከአፈሩ በላይ ቀርቶ ለቀናት ያብረቀርቅ ነበር።

ኬዛያ መጽሐፏን ዘጋች። አላለቀሰችም። «መስከረም ላይ ለምን ዋሹኝ?»

«ስትጠይቂኝ አፌ ውስጥ ሌላ መልስ አልነበረም።»

«ነበረ እንጂ፣ ኮች» አለች። «አሁን የነገሩን ከየት መጣ?»

ደወሉ አልደወለም። ገና ግማሽ ሰዓት ይቀር ነበር፤ ያን ግማሽ ሰዓት ማንም አልሳቀበትም። ከምሳ በፊት ወሬው ከተማውን ዞረ። ርእሰ መምህሩ አስጠርቶት፣ «ሆይት፣ ጡረታህ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ምን ነካህ?» አለው፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ያለማቋረጥ ይጮኽ ነበር። ሆይት የስልኩን ነገር አልሰማም። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሉሸስ አውቶቡሱን አቁሞ ቤቱ የሚገባው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ሉሸስ በረንዳው ላይ ነበር። ሬዲዮው ተዘግቷል። ከአግዳሚው ሥር ጥሬ ኦቾሎኒ የሞላ ጆንያ አለ።

«ተቀመጥ» አላለውም። ሆይት ደረጃው ሥር ቆመ።

«ዛሬ ነገርኳቸው» አለ።

«ሰምቻለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እነዚያ ውርንጭሎች ዛሬ እንኳ አልተጣሉም፤ ተንሾካሹከው ነው የዋሉት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ዋንጫ ልስጥህ?»

ሆይት አንገቱን ደፋ። «መዘውሩን የሳብኩት እኔ መሆኔን አታውቅም ብዬ ነበር።»

ሉሸስ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ እንዳላውቅ? እዚያ እኮ ነበርን። ከአጥሩ ወዲያ፣ የፔካን ለውዝ ዛፏ ሥር። ሩቤን አጭር ስለነበር ትከሻዬ ላይ አውጥቼው ነበር። አንተን ሎደሩ ላይ ሲያይህ ምን አለ መሰለህ? ‘ያ ልጅ ታድሎ! አየኸው ሉሸስ፣ እሱ ነው የሚነዳው!’ አለኝ። ገንዳውን አልነበረም የሚያየው። ሎደሩን ነበር። እጁን አወዛወዘልህ።»

ነፋስ መጥቶ የጥዱን ቢጫ ዱቄት ከበረንዳው ጠርዝ አነሳው። ሆይት ያዝ የሚያደርገው ነገር ፈልጎ የደረጃውን ብረት ጨበጠ።

«አንተም አወዛወዝክለት» አለ ሉሸስ።

«አላስታውስም» አለ ሆይት። «እውነቴን ነው፣ ሉሸስ። አላስታውስም።»

«እሱ ግን እስኪሞት ሲያወራው ነበር። ‘የሎደሩ ልጅ ሰላም አለኝ’ ሲል። አባትህን ረግሜ ጨርሻለሁ፤ ድሮ። አንተን ልረግምህ ስል ያ ሰላምታህ እየመጣ እጄን ይይዘኛል። ኳስ ሜዳ ላይ ያወቅሁህ በመጀመሪያው ቀን ነው። ስትወረውርልኝ ለምን የቀለብኩ ይመስልሃል? የሩቤን ሰው ነህ ብዬ እኮ ነው።»

ሆይት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ልናገር ሲል ሉሸስ እጁን አንስቶ አቋረጠው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንተ ለኔ ዝም ስትል፣ እኔም ዝም አልኩህ። ዝምታ የሁለት ሰው ነው፣ ሆይት፤ ግማሹን ተሸክሜልሃለሁ፣ አላማርርም። መስከረም ላይ ግን ያቺ ልጅ ራት ላይ ቁጭ ብላ፣ ‘ኮች ነገረኝ፣ ተሰንጥቆ ነው አሉ’ አለችኝ። በሩቤን ፎቶግራፍ ሥር ቁጭ ብላ። ለኔ ዝም አልክ፤ ለልጄ ግን አፍህን ከፍተህ ነገርካት። እሱን መሸከም አልቻልኩም።»

«ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ…»

«ለዚህ ነው። ጉልበቴ ደህና ነው።»

ቤቱ ውስጥ የኬዛያ እርምጃ ተሰማ፤ ወደ በሩ መጣ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ሄደ። ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም ወደ በሩ አላዩም።

«ቅዳሜ ልምጣ?» አለ ሆይት በመጨረሻ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲለምን ማየት ያሳቅቃል።

ሉሸስ አግዳሚው ሥር ያለውን ጆንያ በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። «ኦቾሎኒ ነሐሴ ነው የሚደርሰው» አለ።

«ይሄውና አለ እኮ…»

«ነሐሴ ነው የሚደርሰው አልኩህ። ነሐሴ ላይ እናያለን።»

ሆይት ተነሳ። ኮፍያውን አንስቶ መልሶ አደረገው። ለስንብት ራሱን ነቀነቀ። ሉሸስ አልነቀነቀለትም፤ ግን ገብቶ በሩን አልዘጋበትም። እዚያው በረንዳው ላይ፣ ሬዲዮው ሳይከፈት፣ ተቀምጦ ቀረ።

መንገዱን ተሻግሮ ሜዳው ጋ ሲደርስ ሆይት ቆመ። ዕድሜ ልኩን ያቋረጠው ሜዳ ነው፤ የእግሩ ዱካ ሣሩ ላይ ቀጭን መንገድ ሠርቷል። አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ በጠርዙ መሄድ ጀመረ፤ ሰማያዊዎቹ ሸክላዎች በሣሩ መሀል ብልጭ በሚሉበት መስመር፣ አንድ እጁን ለሚዛን ትንሽ ዘርጋ አድርጎ፣ ውሃ ያለበት ገንዳ ዳር እንደሚሄድ ሰው በጥንቃቄ። ማዕዘኑ ላይ ታጠፈ። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ጀርባው ጎበጥ ብሏል፣ ኮፍያው ላይ ቢጫ ዱቄት አለ። ወደ ኋላ አልዞረም። ዞሮ ዞሮ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ተሰወረ።